የእህል በረንዳው ደላላ በዩኒቨርሲቲ ሚዛን

በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ ከጎጃም የመጣ ጤፍ ከመኪና እየተራገፈ ሳለ፣ አንድ ቀጭን ወጣት ወረቀት ታቅፎ እህል በረንዳ መደብሬ በር ላይ ቆመ። "ጋሼ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት። ለመመረቂያ ጽሑፌ ጥቂት ጥያቄዎች ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር" አለኝ። ጥቂት ያላቸው ጥያቄዎች አርባ ሦስት ነበሩ። ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል ሸጡ? በስንት ገዝተው በስንት ሸጡ? ለደላላ በኩንታል ስንት ይከፍላሉ? ካፒታልዎ ስንት ነው? የሂሳብ ጸሐፊዬ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም ልጁን አስቀምጬ፣ ሻይ አስመጥቼ፣ የሸጥኩትን በግማሽ ቀንሼ፣ የገዛሁበትን ዋጋ ደግሞ ከፍ አድርጌ ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ። አንዱ ጎረቤቴ "የገቢዎች ሰላይ" ብሎ አባረረው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነጋዴ እንደ እኔው አድርጎ ሸኘው።

ልጁ ተመርቋል። የእኔም ውሸት ተጠርዞ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባላነሳሁት። ነገር ግን ኑሮ በተወደደ ቁጥር "ገበያውን ያበላሹት ደላሎች ናቸው" የሚል መግለጫ በቴሌቪዥን ስሰማ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ስማችን ያለ አግባብ ጠፋ እያልን የምንማረረው እኛ፣ እውነቱን ሊጽፍ ለመጣው ልጅ ምን ሰጠነው?

"የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለነጋዴ ምን ይፈይዳል?" የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ለእነሱ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ከተሠሩት ጥናቶች የመንግሥትን ፖሊሲ እስከ መለወጥ የደረሰው አንዱ የተጠናው እዚሁ እህል በረንዳ ውስጥ፣ በደላሎች ላይ ነው። ደላሎቹ አብዛኞቹ ይህንን አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ዘመን እህል እንደ ልብ አይነገድም ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በኮታ ያስከፍለው ነበር፤ ነጋዴውም በየኬላው ይያዝ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፣ ኬላውም ተነሳ። ከዚያ በኋላ "ገበያው ነጻ ወጥቷል" ተባለ። ነጻ የወጣው ገበያ በምን እንደሚሠራ ግን በሚገባ ያጠናው ሰው አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. እሌኒ ገብረመድኅን የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ፣ የእህል ነጋዴውንና ደላላውን እየዞሩ ጠየቁ። እንደ እኔ ዓይነቱ ስንት ውሸት እንደ ነገራቸው እንጃ። ጽሑፋቸው በ1990 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ በአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚስቶች ማኅበርም ተሸለመ። በኋላ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በመጽሐፍ መልክ አሳተመው።

ጥናቱ ያገኘው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ሰው ጽፎት ማየቱ ነው። በገበያችን ደረጃ የወጣለት እህል የለም። ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሠርገኛ ነው ብንልም፣ የደብረ ማርቆሱ "ነጭ" የአዳው "ነጭ" አይደለም። ስለዚህ ጆንያው በተሸጠ ቁጥር እየተወጋ፣ በመዳፍ እየታየ፣ አንዳንዴም እየተገለበጠ እንደገና ይሰፋል። እህሉ ከገበሬው እስከ ሸማቹ አራት አምስት ጊዜ እጅ ይለዋውጣል። ውል ቢፈርስ ፍርድ ቤት ሄዶ በሳምንት የሚፈታለት የለም። ስለዚህ ነጋዴው የሚነግደው ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ ነው። ሩቅ አገር ጥሩ ዋጋ ቢኖርም አይሄድበትም።

ደላላው እዚህ መሃል ነው የሚገባው። የክፍለ አገሩ ነጋዴ እህሉን ጭኖ ይልካል፤ አዲስ አበባ ያለው ደላላ ገዢ ፈልጎ ይሸጥለታል። የሚከፈለውም በኩንታል የተቆረጠ ሂሳብ ነው። ዋጋው ቢንር ደላላው የሚያገኘው ያው ነው፤ ቢወርድም ያው። አብዛኛውን ጊዜም እህሉ የራሱ አይደለም፤ ገዝቶ አያከማችም። ጥናቱ በሂሳብ ቀምሮ ያሳየው፣ ነጋዴው ደላላውን ትቶ ራሱ ገዢ ልፈልግ ቢል የሚያባክነው ጊዜና የሚታሰርበት ገንዘብ ለደላላው ከሚከፍለው እንደሚበልጥ ነው። ባጭሩ ደላላው ዋጋ አስወዳጅ ሳይሆን ወጪ ቀናሽ ሆኖ ተገኘ። ይህ የተጻፈው ዛሬ አይደለም፤ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ጥናቱ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ያደረገው የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. ነገር ይመስለኛል። በእነዚያ ዓመታት በቆሎ እጅግ ተትረፈረፈ። ዋጋው ወደቀ፤ በአንዳንድ ቦታ የማጨጃውን የቀን ሠራተኛ ክፍያ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። ገበሬው በቆሎውን ማሳ ላይ ተወው። እኛም ብንሆን ገዝተን የምናከማችበት ገንዘብ አልነበረንም፤ ባንክ በእህል መያዣነት አያበድርም፤ ሥርዓት ያለው መጋዘንም አልነበረም። በዓመቱ ዝናብ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አንድ ዓመት እህል የሚበሰብስበት፣ በማግስቱ ረሃብ የሚመጣበት አገር፣ ችግሩ የማምረት ብቻ ሳይሆን የገበያ መሆኑን ያን ጊዜ መካድ አልተቻለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቋመ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣኑም በአዋጅ 551/1999። እሌኒ ራሳቸው የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይቱ ተጀመረ። ደረጃ፣ መጋዘን፣ የመጋዘን ደረሰኝ፣ በማግስቱ ባንክ የሚገባ ክፍያ። ጥናቱ "የለም" ያለው ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር እንዲኖር ተደረገ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። ጥናቱ የተጠናው በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ ነበር። ምርት ገበያው ሲከፈት እህሉ አልመጣም። በቆሎና ስንዴ ጥቂት በጥቂት ተገበያየ፤ አዳራሹ ግን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የእህል ነጋዴው የለመደውን ደላላ ስልክ ደውሎ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ጉዳይ መጋዘን አስገብቶ፣ አስመርምሮ፣ አባል ወክሎ መጨረስ አልታየውም። በነሐሴ 2000 የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 602/2000 ግን ቡና በዚያ በኩል እንዲያልፍ አስገደደ። በ2001 ዓ.ም. ቡናው ገባ፤ ሰሊጡና ቦሎቄውም ተከተሉ። አዳራሹ ሞላ። ለእህል ተብሎ የተሠራው ቤት የቡና ቤት ሆነ።

ይህን የምለው ምርት ገበያውን ለማንኳሰስ አይደለም። ከጅማም ሆነ ከዲላ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የገባ አቅራቢ፣ ገንዘቡን ለማግኘት ስንት ሳምንት የላኪ ደጅ ይጠና እንደነበረ የሚያስታውስ ሁሉ፣ በማግስቱ ባንክ የገባለትን ክፍያ አይረሳም። የገጠሩ ገበሬም የአዲስ አበባን ዋጋ በየከተማው ከተተከለው ሰሌዳና ከስልኩ ማየት ቻለ። ጉዳቱም ግን ነበረ። ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ስለሚደባለቅ፣ "ይህ ቡና ከየትኛው እሸት ማጠቢያ ጣቢያ የመጣ ነው?" የሚል ውድ ከፋይ የውጭ ገዢ መልስ አጣ። የይርጋ ጨፌው ልዩ ቡና ስሙን ጥሎ "ይርጋ ጨፌ" ብቻ ሆኖ ተሸጠ። እየቆየ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 መጥቶ ቀጥታ ትስስሩን ፈቀደ፤ ብዙው ቡና ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ይህ ነው። ጥናቱ ሁለት ነገር ተናግሮ ነበር። አንደኛው "ደረጃ፣ መጋዘንና ውል የሚያስከብር ተቋም የለም" የሚል ነው። ሁለተኛው "ተቋም በሌለበት ገበያውን ያቆመው ደላላው ነው" የሚል። ፖሊሲው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሕንጻ ሠራ። ሁለተኛውን ግን አልሰማም። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ እስከ ዛሬ አብዛኛው በእህል በረንዳ መንገድ ነው የሚሸጠው፤ ደላላው ግን እንደ ጥንቱ ስም የለሽ፣ ሰበብ በተፈለገ ጊዜ ብቻ የሚጠራ ነው። በነገራችን ላይ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው ሰው ፈቃድ አለው፣ ከረባት አለው፣ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያውቀዋል። ሥራው የእኛ ደላላ ከሚሠራው በምን ይለያል ቢባል፣ በጆንያና በወረቀት ነው የሚለየው።

ደግሞ ያ ጥናት ብቻውን አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ጤፍን ከዋና ዋና አምራች አካባቢዎች ተነስቶ አዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ድረስ ተከተለ። የሠሩት የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች በጋራ ነበሩ። ሸማቹ ለጤፍ ከሚከፍለው ብር አምስት እጅ ቢደረግ አራት እጅ ገደማው ለገበሬው እንደሚደርስ አገኙ። የቀረው አንድ እጅ ለጫኝና አውራጁ፣ ለመኪናው፣ ለጅምላ ነጋዴው፣ ለደላላውና ለወፍጮ ቤቱ ይከፋፈላል። እንግዲህ "ደላላው ግማሹን በላው" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከቁጥር አልመጣም። አንድ ነገር ግን ለሐቅ ስል ልጨምር፤ ያ የ2005 ዓ.ም. ቁጥር ነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ በየቦታው ገንዘብ የሚጠየቅበት ገመድ ሲበዛ፣ ነዳጅ ሲጨምር ያ አንዱ እጅ ስንት እንደሚሆን እኔ በግምት እነግራችኋለሁ፤ ግምቴ ግን የነጋዴ ግምት ነው፤ ባለሥልጣን ፊት ቆሞ አይሟገትም። የሚሟገተው ጥናት ነው።

ያለ ጥናት የሚወጣ ፖሊሲ ምን እንደሚመስል በ2003 ዓ.ም. አይተነዋል። መንግሥት ከደርዘን በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዘይቱና ስኳሩ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ሰልፉ ረዘመ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። በእነዚያ ወራት የከሰረ ነጋዴ አለ፣ የታሰረም አለ፣ ወረፋ ጠብቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ሸማች ደግሞ ቁጥር የለውም።

ከገበያ ወጥተን ማሳ እንሂድ ብንል፣ የቁንጮ ነገር አለ። የጤፍ አበባ ከደቃቅነቱ የተነሳ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አበባው የሚከፈትባትን አጭር የማለዳ ሰዓት አግኝተው መንገዱን ከፈቱ። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ከዓለማያ ጋር ተያይዞ የኖረው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሥራውን ያዘ። ችግሩ ምን ነበር? ማኛው እጅግ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ዱከም የተባለው ዝርያ ምርቱ ብዙ ነው፣ ንጣቱ ግን ገዢ አይስብም። ገበሬው ደግሞ ኩንታል ስለበዛለት ብቻ አይዘራም፤ አዲስ አበባ በስንት እንደሚሸጥ ያውቃል። ሁለቱ ተዳቀሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ ተለቀቀ። ባጭር ጊዜ ከማሳ ማሳ ተሻገረ። ልብ በሉ፣ ተመራማሪዎቹ ንጣትን እንደ ምርት ያህል የቆጠሩት እኛ እዚህ በመዳፋችን አይተን ለነጩ ስለምንጨምር ነው። የገበያው ፍርድ ቤተ ሙከራ ገባ ማለት ነው። ቁንጮን የሸጠ ጅምላ ነጋዴ ሁሉ ያን ምርምር በልቶበታል፤ ለምርምሩ አምስት ሳንቲም ያዋጣ ግን አላውቅም። እኔንም ጨምሮ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍልም ከኦክስፎርድ ጋር ሆኖ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ያሉ 1,470 ገደማ ቤተሰቦችን በየጥቂት ዓመቱ እየተመላለሰ ጠይቋል። አንድ ድርቅ ያደረሰው ጉዳት ዝናቡ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላም ከቤተሰቡ ማዕድ ላይ እንደሚታይ የታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ለእኛ ይህ ምንድን ነው ለሚል፣ በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት የሚጭንልን ኩንታል ስንት እንደሆነ ያስላ።

የጥናት ወዳጅ ነኝ ማለቴ ግን የዩኒቨርሲቲውን ሁሉ ላመሰግን ነው ማለት አይደለም። ያ ልጅ ይዞት የመጣው መጠይቅ ግማሹ "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም" የሚል ነበር። "የንግድ አካባቢው ምቹ ነው ብለው ያምናሉ?" ይላል። ይህን ጥያቄ የጻፈ ሰው ሐምሌ ላይ ግብር ሊከፍል ተሰልፎ አያውቅም። የመመረቂያ ጽሑፎቹ አርእስት ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የዚህ ወይም የዚያ "ተግዳሮቶችና ተስፋዎች"። ከሁሉም የሚከፋው አንዱም ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። ጠይቀውን ይሄዳሉ፤ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል፤ በእንግሊዝኛ ይከራከሩበታል፤ ያስቆጠርነውን ደላላ ውጤቱን የሚነግረው የለም። ምርጡ ጥናት እንኳ በውጭ ዩኒቨርሲቲና በውጭ ገንዘብ ነው የተሠራው። ገንዘብ የሰጠ ደግሞ ጥያቄውንም ይመርጣል፤ ነጋዴ ይህን ሊያስረዱት አይገባም።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቹም ለእኛም የሚሆን አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ገቢውን ራሱም መፈለግ አለበት። የነጋዴ ማኅበራት ደግሞ በየዓመቱ ለእራት ግብዣና ለካላንደር የሚያወጡትን እናውቃለን። የዚያን እኩሌታ አዋጥቶ አንድ ጥያቄ ማስጠናት ይቻላል፤ ለምሳሌ ከጎጃምም ሆነ ከአርሲ አንድ ኩንታል እስኪገባ ድረስ በመንገድ ላይ የሚከፈለው ሁሉ ስንት ነው የሚለውን። ሦስት ነገር ግን በውሉ ይግባ። አንደኛ፣ የሰጠነው ቁጥር ስማችን ተፍቆ እንዲቀመጥና ወደ የትኛውም ቢሮ እንዳይሄድ ዩኒቨርሲቲው በማኅተሙ ይፈርም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ እዚሁ በረንዳው ላይ ይነበብ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ባይጥመንም ይታተም። ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉም ይከብዳል። ጥናቱ "ደላላው ጠቃሚ ነው" ሲል እያጨበጨብን፣ "ነጋዴው በጾም መግቢያ ዋጋ ተመሳጥሮ ይጨምራል" ሲል እሳት ልንለቅበት አንችልም።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። የሰጡት ቁጥር በማግስቱ የግብር ግምት ሆኖ የተመለሰባቸው ሰዎች እንዳሉ በየሱቁ ይወራል፤ ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ሰው የሚፈራው ወሬውን ነው። ማኅተሙን የምፈልገውም ለዚሁ ነው።

ዘንድሮ ሌላ ተማሪ መጣች። መጠይቋ አጭር ነው፤ የምትጠይቀው ጤፍ ከተጫነበት ቀን እስከ ተሸጠበት ቀን ስንት ቀን እንደሚፈጅና በዚያ መካከል ምን እንደሚወጣ ብቻ ነው። ስሜን አልጻፈችም፤ ቁጥር ሰጠችኝ። መዝገቡን አውጣ አልኩት ጸሐፊዬን። "የትኛውን ጋሼ?" አለኝ። እሷ ፊት እንዲህ ማለቱ አናደደኝ፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። የዚያን ዕለት የጭነት ደረሰኞቹን ብቻ አሳየናት። ስለ መዝገቡ ከጸሐፊዬ ጋር እስከ ዛሬ እየተከራከርን ነው፤ እሷም በመጪው ሳምንት እመለሳለሁ ብላ ቀጠሮ ይዛለች።